የአንገት ዲስክ መንሸራተት፦ ሕመሙ እጅ ላይ፣ ምንጩ አንገት ላይ

ከትከሻ ተነስቶ እስከ ጣት የሚወርድ፣ የሚያቃጥል ወይም የሚያደነዝዝ ሕመም ሲሰማን ብዙዎቻችን «ብርድ መታኝ» ብለን እናልፈዋለን። ሆኖም ችግሩ ያለው እጅ ላይ ሳይሆን አንገት ላይ ሊሆን ይችላል።

ዲስክ ምንድን ነው?

አንገታችን 7 አጥንቶች አሉት። ከላይኞቹ ሁለቱ በስተቀር በአጥንቶቹ መካከል ውጩ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ትራስ መሰል ዲስክ ይገኛል። በዕድሜ ብዛት የዲስኩ ሽፋን ሲሰነጠቅ የውስጡ ክፍል ይወጣና ወደ እጅ የሚሄደውን ነርቭ ይጫነዋል። «መንሸራተት» ይባል እንጂ ዲስኩ ተነቅሎ አይሄድም፤ ስለዚህ በጉልበት ወደ ቦታው የሚመለስ ነገር የለም።

ሲጋራ ማጨስ፣ ከባድ ሸክምና የመኪና ወይም የባጃጅ አደጋ ችግሩን ሊያስከትሉ ወይም ሊያባብሱ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ግልጽ ምክንያት አይገኝም።

በምን ይታወቃል?

አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱት በ5ኛውና በ6ኛው እንዲሁም በ6ኛውና በ7ኛው አጥንት መካከል ያሉት ዲስኮች ናቸው። 6ኛው ነርቭ ሲጫን አውራ ጣት፣ 7ኛው ሲጫን የመሐል ጣት፣ 8ኛው ሲጫን ትንሿ ጣት ትደነዝዛለች። አንዳንድ ሕመምተኞች እጃቸውን አናታቸው ላይ ሲያደርጉ ይቀልላቸዋል።

ሕክምናው

አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ከባድ ሸክም መተው፣ አንገትን ቀና በሚያደርግ ትራስ መተኛት፣ እንደ ፓራሲታሞል ያለ ማስታገሻና ባለሙያ የሚያሳየው እንቅስቃሴ ይረዳሉ። ቀኑን ሙሉ መተኛት ግን አይመከርም። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያመው ሰው ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰድ። ኤምአርአይም ለሁሉም ወዲያው አያስፈልግም፤ ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ላይ እንኳ ያበጠ ዲስክ ሊያሳይ ይችላል።

ወጌሻ አንገትን እንዲጠመዝዝ ወይም እንዲስብ መፍቀድ አደገኛ ነው፤ ኅብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል።

የማይጠብቁ ምልክቶች

በግጭቱ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ከምዕራብ ጎጃም ገጠር ሐኪም ዘንድ መድረስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የትኛው ሕመም ቤት ሆኖ መጠበቅ እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚከተሉት ጊዜ አይሰጡም፦

• እጅ እየደከመ ዕቃ ማስጣል፣ ቁልፍ መቆለፍ ማቃት
• እግር መክበድ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ
• ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል
• ከመውደቅ ወይም ከአደጋ በኋላ የመጣ የአንገት ሕመም
• ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ፤ የአከርካሪ ቲቢ ወይም ዕጢ ሊሆን ይችላል
• ከደረት ሕመም፣ ከላብና ከትንፋሽ እጥረት ጋር የመጣ የእጅ ሕመም፤ ይህ የልብ ድንገተኛ ሕመም ሊሆን ይችላል

እነዚህ ሲታዩ በቀጥታ ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ከዚያ በላይ ሕክምና ሲያስፈልግ ሐኪሙ በባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ሪፈር ሊጽፍ ይችላል። ሌሎች ምልክቶች ያሉት ሰው በቅርቡ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምር፤ በ6 ሳምንት ካልተሻለው ተመልሶ ይታይ።