የቀጨኔ ምጣድ፣ ድፎ ዳቦና ፒዛ

ስለ ዳቦ ታሪክ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴው ይጀምራል። እኛ ግን የቀጨኔ ልጆች ስለ ሆንን ከምጣዱ ለመጀመር ወደናል። ሊጥ ያለ ምጣድ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ ምጣዱም ከሚሠራባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ሰፈራችን ነው።

ይህን ስንል ስንዴውን መናቃችን አይደለም። እህል በሀገራችን ምን ያህል የከበረ እንደ ነበረ ለማወቅ የአክሱም ነገሥታትን የወርቅ ገንዘብ መመልከት ይበቃል፤ የንጉሡ መልክ በሁለት የእህል ዛላ መካከል ተቀርጾበታልና። ነገር ግን ያን እህል የሚያበስለውን ሸክላ ማን እንደ ሠራው በገንዘብ ላይ የቀረጸ የለም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ፣ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ባለ እጆች በቀጨኔ ሰፈሩ። ወንዶቹ ሸማ ሲሠሩ፣ ሴቶቹ ጀበናውን፣ ድስቱን፣ እንስራውንና ምጣዱን ይሠሩ ነበር። ሥራው ዛሬም አልተቋረጠም። አፈሩ ተቈፍሮ ይመጣል፤ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ ይነፋል፤ ከዚያም በውሃ ይቦካል። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ በዱቄትም ላይ የሚደረግ ነው፤ ቋንቋችንም ጭቃውንም ሊጡንም «ማቡካት» ብሎ በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። ሠሪዋ ያለ ማሽከርከሪያ፣ በእጇ ብቻ ጭቃውን ዘርግታ ታስተካክለዋለች፤ በድንጋይ ታለሰልሰዋለች፤ ሲደርቅም በእሳት ታቃጥለዋለች። ገዢዋ ደግሞ ቤቷ ወስዳ በጎመን ዘር ታሟሸዋለች፤ ያልተሟሸ ምጣድ ሊጥ ይዞ አይለቅምና።

ድፎ ዳቦ የሚጋገረው በዚህ ምጣድ ነው። ዱቄቱ በእርሾ፣ በጨውና በጥቁር አዝሙድ ይቦካና ኩፍ እስኪል ይቀመጣል። በምጣዱ ላይ የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፤ ሊጡ ይደፋበታል፤ በቅጠል ይሸፈናል፤ ከላይም ፍም ይደረግበታል። ለቡሄ በነሐሴ ወር ለልጆች የሚታደለው ሙልሙልም የዚሁ ዘመድ ነው፤ እርሱን ለመቀበል ግን እኛም ሆንን ታናናሾቻችን ማብራሪያ አላስፈለገንም።

እንግዲህ የሚያሳዝነው ነገር ይህ ነው፤ ዳቦው በየድግሱ ሲከበር፣ ምጣዱን የሠራችው ሴት «ቡዳ» እየተባለች ትሰደብ ነበር። ከእጇ ዕቃ ይገዛሉ፤ ከቤቷ ግን እህል አይቀምሱም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብ ተከለከለ። ስድቡ ግን በዐዋጁ ቀን አልሞተም። ከእኛ መካከል እናቱ ሸክላ ሠሪ የሆነች አንድ ጓደኛችን፣ በልጅነቱ ይህንኑ ቃል ሰምቶ ለብዙ ጊዜ የእናቱን ሥራ ይደብቅ እንደ ነበር ነግሮናል።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ ከተማችንን ያዘ። እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ብዙ ደም አፈሰሰ፤ ጥቂት ቃላትም ጥሎ ሄደ። «ፉርኖ» የምንለው ነጭ ዱቄት ስሙን ያገኘው ምድጃ ከሚለው የኢጣሊያ ቃል ነው፤ ከቀጨኔ ወርደን የምንደርስበት ፒያሳም አደባባይ ማለት ነው። ፒዛም የኢጣሊያኖች ምግብ ሲሆን ዝነኛ ሀገሩ ኔፕልስ ነው። በዚያ ከተማ ጉልላት በሚመስል የእንጨት ምድጃ፣ ከ400 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት፣ በአንድ ደቂቃ ወይም በአንድ ደቂቃ ተኩል ይበስላል። የኔፕልስ ፒዛ ጋጋሪዎች ጥበብ በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቧል። ይህን ባነበብን ጊዜ በልባችን የመጣው የቀጨኔ ምጣድ ሠሪ ነበረች፤ መቅናታችንንም አንሸሽግም።

ስለዚህ ፒዛውን በቀጨኔ ምጣድ ለመጋገር አሰብን። አራት ስኒ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቂት ዘይትና ለብ ያለ ውሃ አቡክተን ሁለት ሰዓት ያህል አስቀመጥነው። ቀጥለንም በስሱ ዳመጥነው። ቲማቲሙን ከነጭ ሽንኩርት ጋር አቁላልተን ቀባንበት፤ የኢጣሊያው አይብ ውድ ስለ ሆነብን የቤት አይብ በተንንበት። አክንባሎውን ከደንን። ውጤቱ አሳፋሪ ነበር፤ ሥሩ ከሰል ሆነ፤ ላዩ ጥሬ ቀረ።

ወደ ጓደኛችን እናት ሄደን ነገርናቸው። ሳቁብንና «ልጆቼ፣ ድፎ መቼ ከታች ብቻ ይበስላል? ከላይም እሳት ስጡት እንጂ» አሉን። የኔፕልሱም ጉልላት ሥራው ይኸው ነው፤ እሳቱን ወደ ላይ አዙሮ በምግቡ ላይ ይመልሰዋል። እኛ ይህን በመጽሐፍ አንብበን ሳንረዳው፣ እርሳቸው ከምድጃቸው ያውቁት ነበር።

በሁለተኛው ቀን የታችኛውን እሳት ቀነስን፤ በላዩም ቆርቆሮ ከድነን ፍም አደረግንበት። ሥሩ ቡናማ ሆነ፤ አይቡም በላዩ ደረቅ አለ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእኒሁ እናት ወሰድንላቸው። ምጣዱን ገልብጠው በጣታቸው መቱትና ድምፁን ሰሙ፤ የማን እጅ እንደ ሆነም ለዩ። ከዚያ በኋላ ፒዛውን ቀመሱና ጨው እንዳነሰው ነገሩን።