ሪቤይራ (ፖርቶ)

ሪቤይራ በፖርቱጋል፣ በፖርቶ ከተማ፣ በዶውሮ ወንዝ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚገኝ ጥንታዊ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የከተማዋ ታሪካዊ ማዕከል አካል ነው። በ1886 የተከፈተው ባለሁለት ደርብ የብረት ድልድይ፣ ዶም ሉዊስ ቀዳማዊ፣ የወይን ጠጅ መጋዘኖች ካሉበት ከቪላ ኖቫ ደ ጋያ ጋር ያገናኘዋል። በወንዙ ዳር ያለውን የነሐስ ቅርጽ ሳያዩ ማለፍ አይገባም፤ በማርች 1809 ከናፖሊዮን ጦር ሲሸሹ፣ በጀልባዎች ላይ የተዘረጋው ድልድይ ከድቷቸው የሰመጡት ሰዎች መታሰቢያ ነው። ዛሬም ሻማ ይበራለታል።

ወንዙን ፊት ለፊት የሚያዩት ምግብ ቤቶች እይታውንም ያስከፍላሉ። ወደ ዳገቱ በሚወጡት ጠባብ መንገዶች ገባ ብሎ፣ የአካባቢው ሰው ምሳ የሚበላበትን ቤት መፈለግ ይሻላል። የከተማዋ መለያ ከነጭ ቦሎቄ ጋር ቀስ ብሎ የሚበስለው የጨጓራ ወጥ ነው። ጁን 23 ማታ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ፣ መንገዱ ሁሉ በፍም ላይ የሚጠበስ የሰርዲን ሽታ ይሞላዋል። ሳይታዘዝ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዳቦና ወይራ ከተበላ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ያልፈለገ ሳይነካው ይመልሳል። ብዙ ቤቶች ግማሽ መጠንም ያቀርባሉ፤ ለአንድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።