የጋፋት አማቾች

ስለ ጋፋት ሲነሣ ሁልጊዜ የምትቀድመው ሴባስቶፖል የተባለችው መድፍ ናት። ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው በዚያች መንደር የተሠራው መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል፤ አፄ ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም. መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እያስጎተቱ ሲነሡ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እያስጠረጉ፣ በገዛ እጃቸውም ድንጋይ እያነሡ፣ መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ታሪኩ ያምራል፤ ነገር ግን ዓይናችን መድፉ ላይ ተተክሎ ሠሪዎቹ ቤት ሳይገባ ይቀራል። ጋፋት የጦር መሣሪያ መሥሪያ ብቻ ሳትሆን የአማቾች ሰፈርም ነበረች፤ ያቆማትም ያፈረሳትም ይኸው ዝምድና ይመስለኛል። ከሠሪዎቹ መካከል ዋልድማየርና ጓደኞቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ በቅዱስ ክሪሾና የሠለጠኑ፣ የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሚሲዮናውያን እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ዋልድማየር ለንጉሡ ሲዋጋ የወደቀውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል ደግሞ የጀርመናዊው ሠዓሊ የዛንደር አማች ሆነ። የሁለቱም ሚስቶች እናቶች የዚሁ አገር ሴቶች ነበሩ። ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ባለትዳርና የልጆች አባት ነበር።

«እነዚህ እኮ በግድ የተያዙ ሰዎች ናቸው፤ ዝምድናን ምን አመጣው?» የሚል ይኖራል። ግዳጁ እውነት ነው፤ መድፍ መሥራት አንችልም ባሉ ጊዜ አገልጋዮቻቸው ታስረውባቸዋል። ይሁን እንጂ ግዳጅ ሰውን ያሠራዋል እንጂ ሙያውን አያስወርሰውም። የአገሬው ሰው ለምን አልወረሰም የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል፤ ምድጃው ዳር የደከሙት ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩና። መልሱን የምፈልገው ከመንደሯ ውጭ ነው። በጎንደር አገር ብረት መቀጥቀጥ በአብዛኛው የቤተ እስራኤል ሥራ ነበር፤ ቀጥቃጭ ቡዳ እየተባለ ይሸሻል፣ ጨዋ ነኝ ባይም ልጁን አይድርለትም። ስለዚህ የእነርሱም ሙያ እንደ ጋፋቶቹ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ የሚሄድ፣ በቤት የታጠረ ነበር። ንጉሡ የፈረንጁን ባለ እጅ አክብረው ሸለሙ፤ የቀጥቃጩ ንቀት ግን እንዳለ ቀረ። ሁለቱን አጥሮች የሚያገናኝ ጋብቻ አልነበረም።

ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ የጄኔራል ናፒየር የእንግሊዝ ጦር አውሮፓውያኑን ከነሚስትና ከነልጆቻቸው ይዞ ወጣ። ሙያውም አብሮ ተጓዘ፤ ሆል ያፋ ሰፈረ፣ ዋልድማየር ሊባኖስ ውስጥ የብሩማናን ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ከዚያ በኋላ የነገሡት ጠመንጃ በስጦታና በግዢ አገኙ፤ የዓድዋው ድልም የተገኘው በአብዛኛው ከውጭ በመጣ መሣሪያ ነው። ይህን አይቶ «ታዲያ ጋፋት ለምን ታስፈልግ ነበር?» ማለት ይቻላል። መድፉን በተመለከተ እስማማለሁ፤ መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ሜዳ በተደረገው ውጊያ ከኋላ ለሚጎርሰው የእንግሊዞች ስናይደር ጠመንጃ ሴባስቶፖል መልስ አልሆነችም። የጠፋው ግን መድፉ አይደለም፤ እርሱማ ዛሬም መቅደላ አለ፣ አምሳያውም አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የጠፋው ብረታ ብረት አቅልጦ ቅርጽ ውስጥ የሚያፈስ እጅ ነው። የመንደሯን ስም የወረሰው የመንግሥት ጋፋት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ዛሬ የክላሽንኮቭ አምሳያ ጠመንጃ ይሠራል፤ የሚሠራውም በንድፍ፣ በማሽንና በደመወዝተኛ ነው፤ አማች መሆን አይጠይቅም።