መሪ አልባው የሞስኮ ኦርኬስትራ

የሲምፎኒ ኦርኬስትራ ትርዒት የሚመለከት ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው ጀርባውን ለታዳሚው ሰጥቶ፣ ቀጭን በትር ይዞ በቆመው መሪ ላይ ነው። ሙዚቃው መቼ እንደሚጀመር፣ የትኛው መሣሪያ ጎልቶ የትኛው ዝቅ ብሎ እንደሚሰማ፣ ፍጥነቱ የት ላይ እንደሚለወጥ የሚወስነው እርሱ ነው። በሞስኮ ከተማ ግን ከ1922 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ይህ ሰው የሌለበት ታላቅ ኦርኬስትራ ነበር። ስሙ ፐርሲምፋንስ ይባላል፤ «የመጀመሪያው ሲምፎኒያዊ ስብስብ» የሚል ትርጉም ካላቸው የሩሲያኛ ቃላት የተውጣጣ አሕጽሮት ነው።

የሐሳቡ አመንጪ ቫዮሊኒስቱ ሌቭ ፀይትሊን ነበር። ፀይትሊን ከአብዮቱ በፊት በስመ ጥሩው መሪ በሰርጌይ ኩሴቪትስኪ ኦርኬስትራ የቫዮሊኖች አለቃ ሆኖ ስለ ሠራ፣ የመሪን ሥልጣን ከቅርብ ያውቀዋል። ዘመኑም ለሐሳቡ የተመቸ ነበር። ዛሩ በ1917 ከዙፋን ወርዷል፤ የጋራ ሥራና እኩልነት የየዕለቱ መፈክር ሆኗል። እንዲህ ባለው ጊዜ፣ በሙያቸው የተመሰከረላቸው በርካታ ሙዚቀኞች በአንድ ሰው እጅ እንቅስቃሴ ብቻ መታዘዛቸው ጥያቄ ማስነሣቱ አልቀረም። ከቦልሾይ ቲያትርና ከሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ የተሰባሰቡት ሙዚቀኞች ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1922 የቤትሆቨንን ሥራዎች ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ቀረቡ።

አቀማመጣቸው ራሱ ለታዳሚው እንግዳ ነበር። እርስ በርስ ለመተያየት ክብ ሠርተው ስለሚቀመጡ፣ ከፊሎቹ ጀርባቸውን ለአዳራሹ ይሰጡ ነበር። ዋናው ልዩነት ግን ከመድረኩ በስተጀርባ የሚሠራው ሥራ ነው። በተለመደው ኦርኬስትራ አንድ ተጫዋች የራሱን ድርሻ ቢያውቅ ይበቃዋል፤ የሙዚቃውን ሙሉ መልክ የሚያውቅለት መሪው ነውና። በፐርሲምፋንስ ግን እያንዳንዱ ሰው የሌላውንም ድርሻ ማወቅ ነበረበት። በልምምድ ጊዜም አንድ ባልደረባ ወደ አዳራሹ ወርዶ እያዳመጠ፣ ድምፆቹ መመጣጠናቸውን ይነግራቸው ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል የማበርን ኃይል ይናገራል እንጂ፣ ድሩን ለማስተባበር ስንት ቀን እንደሚፈጅ አይናገርም። የፐርሲምፋንስ ሙዚቀኞች ይህን በልምምድ ብዛት ተማሩት።

ትጋታቸው ፍሬ አላጣም። ከታላላቅ አዳራሾች ሌላ በፋብሪካዎችም ለሠራተኞች ተጫወቱ። በ1918 አገሩን ለቆ የወጣው ሰርጌይ ፕሮኮፊየቭ በ1927 ለጉብኝት ሲመለስ፣ ሦስተኛውን የፒያኖ ኮንሰርቶውን የተጫወተው ከእነርሱ ጋር ነበር። ፕሮኮፊየቭ እንደ ታዘበው፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ራሱን እንደ ሶሎ ተጫዋች ስለሚቆጥር አስቸጋሪዎቹ ክፍሎች ለኦርኬስትራው አይከብዱትም ነበር። የሚከብደው የፍጥነት ለውጥ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ሁሉም እኩል ሊሰማቸው ይገባልና። በ1926 ያዳመጣቸው ፈረንሳዊው ዳርዩስ ሚዮ በበኩሉ፣ መሪ ቢኖር ውጤቱ ያው ሆኖ ጥቂት ይፈጥን እንደ ነበር ተናግሯል። በዚህ አስተያየት ውስጥ ምስጋናውም ነቀፌታውም አለ።

በ1927 ኦርኬስትራው የክብር ማዕርግ አገኘ። አርአያነቱን የተከተሉ መሪ አልባ ኦርኬስትራዎች በሌኒንግራድና እስከ ኒው ዮርክ ድረስ ተቋቋሙ። በአገሩ ግን ነፋሱ እየተለወጠ ነበር። በ1928 የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ተጀመረ፤ በ1929 ፓርቲው እያንዳንዱ ፋብሪካ በአንድ ኃላፊ አመራር ሥር እንዲውል ወሰነ። ፍጥነት የሚከበርበት፣ የአንድ ሰው ትእዛዝ የሚጸናበት ዘመን መጣ። ሌላ መደበኛ ሥራ የነበራቸው ሙዚቀኞችም ያን ሁሉ የልምምድ ሰዓት ማግኘት ቀላል አልሆነላቸውም። ፐርሲምፋንስ በ1932 ተበተነ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1936 የሶቪየት ኅብረት የመንግሥት ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሲመሠረት፣ አሌክሳንደር ጋውክ በመሪነት ተሾመለት።

ሐሳቡ ግን ከድርጅቱ ጋር አልሞተም። በ1972 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ኦርፊየስ የተባለው ኦርኬስትራ ያለ መሪ በመጫወት ታወቀ። በሞስኮም ፒያኒስቱ ፒዮትር አይዱ በ2008 ፐርሲምፋንስን በቀድሞ ስሙ አስነሥቶታል። የመጀመሪያዎቹ የሞስኮ ሙዚቀኞች ያስመሰከሩት መሪ ከንቱ መሆኑን አይደለም። አንዱ ይሸከመው የነበረው ኃላፊነት ሲነሣ የትም እንደማይጠፋ፣ ይልቁንም በእያንዳንዱ ሰው ጆሮና ኅሊና ላይ እንደሚከፋፈል ነው። እኩልነት ለእነርሱ ከመታዘዝ የሚያሳርፍ ዕረፍት ሳይሆን፣ ሌላውን የማዳመጥ ግዴታ ነበር።