ከመቶ ስድስት ሰው

የአባቴ የሽንት ፊኛ በቀዶ ጥገና ከወጣ አምስተኛው ሳምንት ላይ ሐኪሙ የፓቶሎጂውን ወረቀት አነበበልን። «አባባ፣ ካንሰሩ የፊኛውን ግድግዳ አልፎ ዙሪያውን ያለው ስብ ውስጥ ገብቶ ነበር። በዓይን የሚታየውን ሁሉ አውጥተናል። አሁን ኬሞ መውሰድም ይቻላል፣ ሳይወስዱ መከታተልም ይቻላል። ከቤተሰብ ጋር ተመካክረው ይወስኑ» አላቸው። የሚወስዱ ከሆነ ከቀዶ ጥገናው ጀምሮ ሦስት ወር ሳይሞላ መጀመር እንዳለበትም ነገረን።

እኔ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። «ሁለቱም ይቻላል» የሚል መልስ ሲሰጠኝ የሆነ ቦታ ያልተጠናቀቀ ነገር እንዳለ ይሰማኛል። ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፦ ይሄ መድኃኒት ይሄን ያህል ዓመት ሲሠራበት ኖሮ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ መውሰዱ ይጠቅም እንደሆነ ለምን ቁርጡ አልታወቀም?

ታሪኩ የሚጀምረው እኛም በምናውቀው መርዝ ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በሠራዊታችንና በገበሬው ላይ የሰናፍጭ ጋዝ አዘነቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ ላይ ጄኔቫ ሄደው ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ካሉባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ቆዳ የሚልጠውና ሳንባ የሚያቃጥለው ይህ ጋዝ ሌላም ጠባይ አለው፤ ቶሎ ቶሎ የሚራቡ ሴሎችን፣ በተለይ ነጭ የደም ሴሎችን ይጨርሳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1942 አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የተባሉ ተመራማሪዎች የጋዙን የቅርብ ዘመድ፣ ናይትሮጅን መስታርድን፣ ሊምፎማ ላለበት በሽተኛ በደም ሥር ሰጡ። ዕጢው ቀለጠ፤ ከዚያ ተመልሶ መጣ፤ ሰውዬውም በወራት ውስጥ ሞተ። ጦርነት ስለነበር ነገሩ እስከ 1946 በምስጢር ተያዘ። ሐሳቡ ግን ተወልዶ ነበር፦ መርዝ በልኩ ከተሰጠ ካንሰርን ሊያቀልጥ ይችላል።

ለፊኛ ካንሰር ዋናው መድኃኒት ሲስፕላቲን ነው፤ እሱ ደግሞ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በ1960ዎቹ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባርኔት ሮዘንበርግ የኤሌክትሪክ ሞገድ በባክቴሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ ይሞክር ነበር። ባክቴሪያዎቹ መራባት አቁመው እንደ ክር ረዘሙ። ያቆማቸው ኤሌክትሪኩ አልነበረም፤ ከፕላቲነም ኤሌክትሮዶቹ እየሟሟ ፈሳሹ ውስጥ የገባው ውህድ ነው። ግኝቱ በ1965 ታተመ፣ በ1969 በአይጥ ዕጢ ላይ እንደሚሠራ ታየ፣ በ1978 አሜሪካ ውስጥ ለሰው ተፈቀደ።

ገና ሲጀመር ኩላሊት ያበላሽ ነበር። ከመድኃኒቱ ጋር ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት ኩላሊትን እንደሚታደግ የታወቀው በ1970ዎቹ ነው። ትውከቱም ከባድ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኦንዳንሴትሮን ሲመጣ ብዙ ቀለለ። ሁለት ነገር ግን እስከ ዛሬ ጥሩ መፍትሔ አላገኘም፦ ጆሮን ያደክማል፣ የእጅና የእግር ጣቶችን ያደነዝዛል።

አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ይሄን መስመር ሳነብ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

በ1985 ኒው ዮርክ፣ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ያሉ ሐኪሞች ሲስፕላቲንን ከሦስት ሌሎች መድኃኒቶች ጋር ቀላቅለው የፊኛ ካንሰራቸው ወደ ሌላ አካል ለተሰራጨ ሰዎች ሰጡ። የብዙዎቹ ዕጢ በግልጽ ቀነሰ። ያኔ ሌላ ጥያቄ መጣ። ካንሰሩ ጡንቻው ውስጥ ከገባ፣ ፊኛው ሙሉ በሙሉ ወጥቶም ግማሽ ያህሉ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱም በዓይንም በሲቲ ስካንም የማይታይ ዘር ቀድሞ ተበትኗል። ታዲያ የሚታየውን ዕጢ የሚያቀልጥ መድኃኒት የማይታየውን ዘር ለምን አያጠፋም?

ይሄን በሁለት መንገድ ሞከሩት። አንዱ ከቀዶ ጥገናው በፊት መስጠት ነው። ከ300 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት በ2003 ሲታተም፣ ቀድመው ኬሞ የወሰዱት በመካከለኛ ልኬት 77 ወር፣ ቀዶ ጥገና ብቻ ያደረጉት 46 ወር እንደኖሩ አሳየ። ስለዚህ ዛሬ ኩላሊቱ ለሚችል ሰው ኬሞው ቀድሞ እንዲሰጥ ይመከራል። አባቴ ግን ደሙ አልቆም ብሎ ስለነበር በቀጥታ ነው ቀዶ ጥገና የገቡት። ያ በር ተዘግቷል።

ሁለተኛው መንገድ ከቀዶ ጥገና በኋላ መስጠት ነው፤ የእኛም ጥያቄ እዚህ ነው። አውሮፓውያን ይሄን ለመቁረጥ በ2002 ትልቅ ጥናት ጀመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ግማሹ ሰው ወዲያው ይውሰድ፣ ግማሹ ካንሰሩ ከተመለሰ ብቻ ይውሰድ። 660 ሰው ነበር የታሰበው። የተገኘው 284 ነው። ጥናቱ ሰው ስላጣ በ2008 ተዘጋ።

እኛ ሥራ ላይ ሁለት የገጽ ዲዛይን ስናወዳድር ሳምፕሉ ሳይሞላ ካቆምን ውጤቱን ማንም አያምነውም። እዚህም የሆነው እሱ ነው። ውጤቱ በ2015 ሲታተም፣ ወዲያው የወሰዱት ሰዎች ካንሰር ሳይመለስባቸው ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ግን በአንደኛው ወገን 54 በመቶ ገደማ፣ በሌላኛው 48 በመቶ ገደማ ናቸው። ልዩነት አለ፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ግን የአጋጣሚ ይሁን የመድኃኒቱ መለየት አልተቻለም። በመጨረሻ የአሥር ጥናቶች፣ የ1183 ሰዎች ዳታ አንድ ላይ ተደምሮ በ2022 ታተመ። መልሱ፦ ከአምስት ዓመት በኋላ ያለ ኬሞ ከመቶ 50 ሰው በሕይወት ይኖራል፣ በኬሞ 56።

ሐኪሙ «ሁለቱም ይቻላል» ያለው ለዚህ ነው። ሰነፍ መልስ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። የሠላሳ ዓመት ሥራ ያደረሰው እዚያ ድረስ ነው።

እሁድ ከምሳ በኋላ ለአባቴ በወረቀት ሣልኩላቸው። መቶ ነጥብ። «አባባ፣ እነዚህ ሃምሳዎቹ ባይወስዱም ይኖራሉ። እነዚህ አርባ አራቱ ቢወስዱም ይሞታሉ። ኬሞው ነገሩን የሚለውጥላቸው ለእነዚህ ለስድስቱ ነው።»

ወረቀቱን አንስተው አዩት። «ከስድስቱ አንዱ እኔ መሆኔን በምን አውቃለሁ?»

«አይታወቅም።»

«ከወሰድኩ በኋላስ?»

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ቢኖሩም፣ ኬሞው ያተረፋቸው ይሁኑ ወይስ ድሮም የዳኑ፣ አይታወቅም። መድኃኒቱን መቶዎቹም ይወስዳሉ፤ ጣታቸው የሚደነዝዘው ደግሞ ከስድስቱ ወገን የሆኑት ብቻ አይደሉም።

«እነዚያ ፈረንጆችስ» አሉኝ ቆይተው፣ «እጣ ወጥቶላቸው የተሞከረባቸው፣ ሳያውቁ ነው የገቡት?»

«ማንም አያውቅም ነበር፤ እንዲታወቅ ብለው ነው የገቡት።»

«ነፍሳቸውን ይማር። እኛ እንግዲህ ስድስት ተገኝቶልናል።» ዝም ብለው ጣታቸውን አፍተለተሉ። «መርፌ መያዝ ካልቻልኩ ግን አምስቱን ዓመት ምን እሠራበታለሁ?»

ባነበብኳቸው ወረቀቶች ውስጥ የጣት መደንዘዝ በደረጃ ተመዝግቧል፤ ክር መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት ግን የትም የለም። ያ ጥያቄ የአባቴ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ስፈልግ የነበረው በእሳቸው ቦታ የሚወስን ቁጥር ነበር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ራሳቸው ጠየቁ። ሐኪሙ ቀድሞ ኩላሊታቸው እንደሚመረመር፣ አራት ዙር እንደሆነ፣ ጣት ማደንዘዙም ብዙ ጊዜ ከዙር ወደ ዙር እየጨመረ እንደሚመጣ አስረዳቸው። አንድ ነገርም አልደበቃቸውም፦ ካቆሙ በኋላም ሊብስ ይችላል።

«ኩላሊቴ ካለፈ ልጀምር» አሉት። «በየዙሩ እቤቴ መርፌ እይዛለሁ። ክሩ እምቢ ካለኝ እነግርዎታለሁ፣ ያኔ ደግሞ እንነጋገራለን።»

ሐኪሙ ይሄን ካርዳቸው ላይ ጻፈው።

ኩላሊታቸው አለፈ። ከመጀመራቸው በፊት የተቀበሉትን ሥራ ሁሉ፣ ሁለት ሱሪና አንድ የሙሽራ ኮት፣ ጨርሰው አስረከቡ። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ዙር ወሰዱ። ሦስት ቀን ምግብ አስጠላቸው። በአራተኛው ቀን ጠዋት መስኮቱ ጋ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው፣ ጥቁር ክር በመርፌው ቀዳዳ ሲያሾልኩ አየኋቸው። በሁለተኛው ሙከራ ገባ።