ክሮይትዘር ያልተጫወተው የክሮይትዘር ሶናታ

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን የቶልስቶይን «የክሮይትዘር ሶናታ» ለተማሪዎቼ ደጋግሜ አንስቼላቸዋለሁ። ስለ ቅናት፣ ስለ ጋብቻ፣ ሚስቱን ስለገደለው ባል ብዙ ተከራክረናል። አንድም ተማሪ ግን እጁን አውጥቶ «ለመሆኑ ክሮይትዘር ማነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር! እኔም አላውቅማ። የርዕስ ስም ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ዘግይቼ ሳገላብጥ የደረስኩበት ነገር ግን አስደነገጠኝ። ቶልስቶይ በ1889 ጽፎ ለጨረሰው ድርሰቱ ስሙን የተዋሰው ከቤትሆቨን የቫዮሊንና የፒያኖ ሶናታ ነው። ቤትሆቨን ደግሞ ያንን ሶናታ ሲጽፍ ክሮይትዘር የሚባል ሰው በሐሳቡም አልነበረም። የጻፈው ጆርጅ ብሪጅታወር ለሚባል ጥቁር ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሪጅታወር በ1778 በፖላንድ ተወለደ። እናቱ አውሮፓዊት ናት፤ አባቱ ጥቁር ሲሆን፣ ትውልዱ ከካሪቢያን ደሴቶች ሳይሆን አይቀርም ይባላል። አባትየው ታላቁ ሃይደን የሙዚቃ አለቃ በነበረበት በኤስተርሃዚ መስፍን ቤት ያገለግል ነበርና፣ ልጁ ሙዚቃ ከሞላበት ግቢ አደገ። በሚያዝያ 1789፣ ገና በአሥር ዓመቱ፣ በፓሪስ መድረክ ላይ ቆመ። ሦስት ወር ቆይቶ ባስቲል ሲፈርስ፣ ታዳጊው አዲስ ገበያ ወዳገኘበት ወደ እንግሊዝ ተሻግሯል።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛም ይመጣል። አባትየው ልጁን ሲያስተዋውቅ ራሱን የአፍሪካ ልዑል ነኝ ይል ነበር። ለልጁም «የአቢሲኒያው ልዑል» የሚል ቅጽል ወጣለት። እንግዲህ አቢሲኒያ ማለት የእኛው አገር ነው። የፑሽኪንን ቅድመ አያት «የእኛ ነው» እያልን ስንሟገት ለኖርን ሰዎች ይህ ትልቅ ፈተና ነው! እኔ ግን እጄን ሰብስቤያለሁ። ሰውየው ሐበሻ ስለመሆኑ ምንም ማስረጃ የለም። በዚያ ዘመን ለለንደን ሰው አቢሲኒያ የሩቅ ተረት አገር ነበረች፤ ስሙ ትኬት ይሸጣል። የእኛ ስም ለልጁ የመድረክ ልብስ ሆኖለት ነበር ማለት ነው።

ልብሱ የውሸት ቢሆንም ችሎታው እውነተኛ ነበር። የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ፣ ኋላ ጆርጅ 4ኛ የተባለው፣ ልጁን በራሱ ጥበቃ ሥር አደረገው፤ አባትየውን ከአገር ሸኘው። ብሪጅታወር ጥሩ መምህራን ተቀጠሩለት፤ በልዑሉ ኦርኬስትራም ለዓመታት ተጫወተ።

በ1802 እናቱን ሊጠይቅ ወደ ድሬስደን ሄደ፤ በዓመቱም ቪየና ገባ። ቤትሆቨን ጋር ወዲያው ገጠሙ። ለኮንሰርታቸውም ቤትሆቨን አዲስ ሶናታ ጀመረለት። ሥራው እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አላለቀም። ተማሪው ሪስ የቫዮሊኑን ክፍል እንዲገለብጥ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተቀሰቀሰ። ግንቦት 24 ቀን 1803፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ አውጋርተን በተባለው የቪየና መናፈሻ ኮንሰርቱ ተጀመረ። ሁለተኛውን ክፍል ብሪጅታወር የተጫወተው ከቤትሆቨን የእጅ ጽሑፍ ላይ በትከሻው በኩል እያነበበ ነበር።

ራሱ በማስታወሻ እንደተወው፣ በመጀመሪያው ክፍል ፒያኖው ብቻውን የሚሮጥበት ቦታ አለ። ብሪጅታወር ያንን ሩጫ ያልተጻፈለትን በቫዮሊኑ መልሶ አስተጋባው። ቤትሆቨን ከመቀመጫው ዘሎ ተነሥቶ አቀፈው፤ ድገመው አለው። የእኛ አዝማሪ ቤት ታዳሚ ይህን ቢያይ አይገርመውም። አንዱ «ተቀበል!» ይላል፣ ባለ ማሲንቆው ይቀበላል። ልዩነቱ ቤትሆቨን «ተቀበል» ሳይለው መቀበሉ ነው።

ቤትሆቨን በእጅ ጽሑፉ ላይ ሶናታውን በቀልድ «የክልሱ ሶናታ» ብሎ ለብሪጅታወር ሰጠው፤ የድምፅ መቃኛ ሹካውንም አበረከተለት። ከዚያ ተጣሉ። ብሪጅታወር በስተርጅናው ለአንድ ሙዚቀኛ እንዳጫወተው፣ የጠቡ መነሻ አንዲት ልጃገረድ ነበረች። ሶናታው በ1805 ሲታተም መታሰቢያነቱ በፓሪስ ለነበረው ለሮዶልፍ ክሮይትዘር ሆነ። ክሮይትዘር ግን ሥራውን ለመረዳት የማይቻል ነው ብሎ ናቀው፤ በአደባባይም አልተጫወተውም ይባላል። ስሙ ብቻ ቀረለት።

ይህን ሁሉ በቀለሙ ምክንያት የደረሰበት በደል ነው ብል ቀላል ይሆንልኝ ነበር፤ እውነት ግን አይሆንም። ብሪጅታወር ተዋርዶ የኖረ ሰው አይደለም። በ1811 ከካምብሪጅ በሙዚቃ የመጀመሪያ ዲግሪ አግኝቷል፤ በ1813 በለንደን ፊልሃርሞኒክ ማኅበር የመጀመሪያ ዓመት ኮንሰርቶች ላይ ተጫውቷል። ግን ድምፅ መቅረጫ ባልነበረበት ዘመን የተጫዋች ሥራ ከአየሩ ጋር ይጠፋል። የሚተርፈው በወረቀት ላይ የታተመ ስም ነው፤ እሷንም በአንድ ጠብ አጣት። በየካቲት 1860 በለንደን ፔካም ሰፈር ሲሞት ያስታወሰው ጥቂት ሰው ነው።

እኛስ? በየጠጅ ቤቱ «ተቀበል» ሲባሉ ተቀብለው፣ ዜማ ፈጥረው ያለፉ ስንት ባለ ማሲንቆዎች አሉን? ዜማውን እናውቀዋለን፤ ስማቸውን የጠየቀ የለም። የእኔ ክፍል ተማሪዎችም እኔም ክሮይትዘርን እንዳልጠየቅነው ማለት ነው።

ያ ሶናታ የሚጀምረው ቫዮሊኑ ብቻውን ነው፤ ፒያኖው ዝም ብሎ ይሰማል። ምናልባት አንድ ቀን ካገኛችሁት ያቺን መግቢያ ልብ ብላችሁ ስሟት። የተጻፈችው ለብሪጅታወር እጅ ነው።