ከኡኡታ እስከ ስልክ፦ የድረሱልኝ ጥሪ ታሪክ



ያደግሁት በዓለም ገና ነው፤ የጅማና የቡታጅራ መንገዶች በሚለያዩበት መገንጠያ አጠገብ። በልጅነቴ መኪና ሲገለበጥ ኡኡታ ይሰማል፤ የሰማ ሁሉ ወገቡን ታጥቆ ይሮጣል።

ኡኡታ ሥርዓት ነበረው። በኦሮሞ ማኅበረሰብ «ኢያ» የሚባለው ጩኸት ከሰሚ ወደ ሰሚ እየተላለፈ ሩቅ ይደርስ ነበር። ድምፁ የመጣበት አቅጣጫ ራሱ አድራሻ ነው፤ የሰማም ሁሉ ተጠሪ ነው።

ኋላም ስልክ ወደ አገራችን ገባ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በሐምሌ 1927 ዓ.ም ተመሠረተ፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ፋሺስት ኢጣሊያ ስለ ወረረን የመጀመሪያ ሥራው የጦር ቁስለኛን መርዳት ሆነ። ዛሬ የማኅበሩን አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስን በ991፣ የአዲስ አበባን እሳት አደጋ በ939 እንጠራለን።

የኡኡታው ግዴታ ግን በሕግም አልቀረም። የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ኋላም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ ራሱን ወይም ሌላውን ለአደጋ ሳያጋልጥ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መርዳት እየቻለ፣ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው አውቆ ትቶ የሚሄድን ይቀጣል። በእኔ አረዳድ ስልክ መደወል ከተዘዋዋሪው እርዳታ ቀዳሚው ነው።

ታዲያ ምን አጣን? ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው መገንጠያ አንድ ሞተረኛ ወጣት ተገጭቶ ወደቀ። ብዙ ሰው ከበበው፤ እያንዳንዱ ሌላው የደወለ መስሎታል። እኔም እንዲሁ አስቤ ቆሜ ነበር። በመጨረሻ ስደውል «የት ነው?» ተባልኩ። «ዓለም ገና» አልኩ። «ዓለም ገና የት?» የመንገዱን ታሪክ የማስተምር ሰው የቆምኩበትን ስፍራ በቅጡ መንገር አቃተኝ። ልጁ ተርፏል፤ ያባከንኩት ጊዜ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኡኡታ ስፍራውን ይናገር ነበር፤ ስልክ ግን እኛ ካልነገርነው አያውቅም። ስለዚህ ሰው ራሱን ከሳተ፣ መተንፈስ ካቃተው፣ ደም አልቆም ካለው፣ ምጥ ከጠናባት ወይም እሳት ከተነሣ ወዲያው ይደወል። «አንድ ሰው ይደውል» አይባል፤ «አንተ ደውል» ይባል። ደዋዩም ከሁሉ አስቀድሞ ከተማውንና በቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ነዳጅ ማደያ ይጥራ፤ የሆነውንና የተጎጂውን ብዛት ይናገር፤ ቀድሞም ስልኩን አይዝጋ።